የእንግሊዝኛዋ ዲ

ዋጋነሽ ቱሉ የማትሪክ ውጤቷን የተቀበለችው በ1973 ነሐሴ ውስጥ ነው። ሒሳብ ኤ፣ ፊዚክስ ኤ፣ ኬሚስትሪ ኤ፣ ባዮሎጂ ቢ፣ አማርኛ ሲ። እንግሊዝኛ ግን ዲ ነበር። ወረቀቱን ይዛ በኮልፌ ገበያ መሀል ወደ ቤቷ ስትሄድ ከስድስቱ ለመግቢያ የሚያዙላትን አምስት ትምህርቶች በልቧ ደምራ ለአምስት አካፈለች። ሦስት ነጥብ ዜሮ። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ደመረች። ያው ነው።

በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ሦስት ነጥብ ሁለት መሆኑ በሬዲዮ ተነገረ።

ዋጋነሽና የክፍል ጓደኞቿ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሐረርጌ ተልኮ፣ ምትክ ሳይመጣ ዓመቱ አልቋል። በዚያ ክፍለ ጊዜ ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እሷ ሒሳብ ትሠራ ነበር። አብሯት የሚያጠናው የጎረቤታቸው የአቶ ይገዙ ልጅ ቀለመወርቅ ፊዚክስ የገባው በእሷ ማስረዳት ነው፤ ራሱም አይክደውም። አባቱ የኤምባሲ ሾፌር ስለሆኑ ግን ከቤታቸው የእንግሊዝኛ መጽሔት አይጠፋም። እሱ በእንግሊዝኛ ኤ፣ በቀረው ሁሉ ቢ አምጥቶ ሦስት ነጥብ ሁለት ሞላለት። ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ደረሰው።

እናቷ ወይዘሮ ደሜ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ልብስ ያጥባሉ። ነገሩን ሲሰሙ ግራ ገባቸው።

«ሦስት ኤ ይዘሽ እንዴት ትወድቂያለሽ?»

«አልወደቅኩም እማዬ። ነጥቡ አልበቃኝም።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»



ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ተሳፍራ ፈተናውን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደች። ሁለት ቀን ተሰልፋ ተራ ሳይደርሳት ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ኃላፊ ፊት ቀረበች። ወረቀቱን ተቀብለው በእርሳስ ደመሩ።

«ድምሩ ትክክል ነው» አሉ።

«ትክክል መሆኑን አውቃለሁ ጓድ። ባዮሎጂ ቢ አለኝ። በእንግሊዝኛው ፋንታ እሱ ቢያዝልኝ ሦስት ነጥብ አራት ይሆንልኛል።»

«እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ የግድ ይያዛሉ። ከቀሩት ደግሞ የተሻሉት ሁለቱ። መመሪያው ይኸው ነው።»

«እኔ ምህንድስና ነው መማር የምፈልገው። ለምህንድስና ፊዚክስና እንግሊዝኛ እኩል ይመዘናሉ?»

«ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን ሳታውቂ ገብተሽ ምን ልትሆኚ?»

«የፊዚክሱም ፈተና እኮ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የኬሚስትሪውም። ታዲያ ሳላነበው ነው ኤ ያመጣሁት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልክ ነሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልክ ነሽ ብልሽ ግን የምለውጥልሽ ነገር የለም። የሚመጣው ዓመት እንግሊዝኛውን በግል ተፈትነሽ አሻሽይው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ልክ መሆኗን አምነው ወረቀቷን ሲመልሱላት ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እስከ ፌርማታው ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ዓመቱን ሙሉ ከቀለመወርቅ ቤት በተዋሰቻቸው መጽሔቶች እንግሊዝኛ አጠናች። ጥቅምት ላይ ቀለመወርቅ ከዩኒቨርሲቲ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዞ መጣ።

«አንዱም አልገባኝም» አላት።

ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ሠርታ አስረዳችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሠራች።

«መግባት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ» አለ።

«እባክህ እንደሱ አትበለኝ» አለችና ደብተሩን ገፋችለት። «የቀረውን ራስህ ሥራው።»

ከወጣ በኋላ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። በእሱ አልነበረም የተናደደችው፤ ያለቀሰችው የምትናደድበት ሰው ስላጣች ነበር።

በቀጣዩ ክረምት እንግሊዝኛዋ ሲ ሆነ። ድምሯ ሦስት ነጥብ ሁለት ሞላ። ወረቀቶቹን ይዛ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ስትሄድ ሽማግሌው በጡረታ ወጥተው ነበር። በቦታቸው የተተኩት ሴት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ።

«የቀን ተማሪ የሚመደበው በአንድ ዓመት ባመጣው ውጤት ነው» አሏት። «የሁለት ዓመት ውጤት አይቀላቀልም።»

«አሻሽዪ የተባልኩት እዚሁ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«እዚህ ወንበር ላይ የነበሩት።»

«እኔ የማውቀው መመሪያውን ነው፣ እህቴ።»

መስከረም ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባች። የምትሄድ ዕለት ወይዘሮ ደሜ ሻንጣዋን እያሰሩላት፣ «አስተማሪነትም ጥሩ ሥራ ነው ልጄ» አሏት።

«ጥሩ ነው እማዬ» አለች ዋጋነሽ። «እኔ ግን የጠየቅኩት እሱን አልነበረም።»