የኔታ ያልሰሙት መወድስ

«አልተቆለፈም እኮ፣ የኔታ!» አለች ንጋት፣ ስልኩን አሁንም አሁንም እየከፈተች እየዘጋች። «ይኸው፣ በጣቴ ስነካው ይከፈታል።»

«እሱማ ይከፈታል፤ የስልኩን በር መች አጣሁት» አሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «ውስጡን ነው ያልኩሽ። ልጄ የጻፈውን ቆልፈውታል። እሱን ክፈቺልኝ።»

ንጋት ከባጃጅ ማቆሚያው ከፍ ብላ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታወጣለች። የተቆለፈ ስልክ ይዘው «ክፈቺልን» የሚሏት ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹ ስልኩ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሳል ይይዛቸዋል። የኔታን ግን በዚህ የሚጠረጥር የለም። ላሊበላ ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ስልክ ሲጠራ ብቻ፣ ደዋዩ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ይመስል፣ ዛሬም ብድግ ብለው ነው የሚያነሡት።

ንጋት ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየችው። የተከፈተው የሟቹ ልጃቸው የየኔሰው ድረ ገጽ ነው። የኔሰው አስጎብኚ ነበር፤ አምና በወልድያ መንገድ መኪና ተገልብጦ ሞተ፤ ሙት ዓመቱ የፊታችን እሑድ ነው። ገጹን ያሠራው ለእንግዶቹ ብሎ ስለሆነ እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ይነበባል። ከእንግሊዝኛው ሥር ግን ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፤ እንዳልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ተደርድሯል። ከሣጥኖቹ ሥር ደግሞ ጥያቄ ምልክት፣ አሁንም ጥያቄ ምልክት፣ እስከ ታች ድረስ።

«ምን ነበር የተጻፈው?»

«መወድስ ቅኔ። የኅዳር ጽዮን ለት ቤተ ማርያም ውስጥ የዘረፈው። ጓደኛው ቢተው ነው እዚህ እንዳለ የነገረኝ። ጉባኤው ይበል፣ ይበል እያለ ቤቱን አናጋው አሉ። እኔ የለሁማ! እኔ ለዚያ በዓል ዓመት ዓመት የምቆመው ገነተ ማርያም ነው።»

«ቢተው ታዲያ አያስታውሰውም?»

«ስለ ውኃ ነበር ይለኛል። ስለ ውኃ! ሌላው ደግሞ ስለ ደመና ነው አለኝ። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ ያተረፍኩት ይኸው ነው፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ደመና።»

ንጋት ሳቋን ዋጥ አደረገች። የቅኔ ቤቱ አጥርና የእናቷ አጥር አንድ ነው፤ የየኔታን ቁጣ ስትሰማ ነው ያደገችው። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ፣ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ የመጣ ተማሪ ካገኙ «ያደረ ወጥ ታቀርብልኛለህ?» እያሉ ሰፈሩን ያስነሡታል።

«እርስዎ ራስዎ ቅኔ አይደገምም ይሉ አልነበር?» አለች፣ ለቀልድ ያህል።

«እኔ መች አንደኛውን ሰማሁት?»

ቀልዷ እዚያው ቀረ።

«አብሽሩ የኔታ» አለች፣ ወንበር እየሳበችላቸው። «ይህ ስልክ የፈረንጅ ነው አይደል?»

«ለየኔሰው አንዱ እንግዳ ጥሎለት የሄደ ነው።»

«በቃ፣ የግዕዝ ፊደል አልተጫነበትም። ፊደል ሲመጣበት መልኩን ስለማያውቀው ሣጥን ያስቀምጣል። ጽሑፉ ግን ከነነፍሱ አለ። በኮምፒዩተር ልየው።»

በኮምፒዩተሩ ከፈተችው። አሁን ሣጥኑ ቀርቶ ሌላ ጉድ መጣ፤ አናቷ ላይ ጭረት የሰካች የፈረንጅ ፊደል እየተመላለሰች፣ በመሐል የብር ምልክት የሚመስል፣ ቆብ የደፋ፣ ጅራት ያወጣ።

«ይኸስ የማን ቋንቋ ነው?» አሉ የኔታ።

«የማንም። ኮምፒዩተሩ አማርኛውን የፈረንጅ መስሎት እንደዚያ እያነበበው ነው።»

«ሳይችል ለምን ያነባል?»

«አንዳንድ ዲያቆንስ?»

የኔታ ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ዞረች። ኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ያረጀ ብራውዘር አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ግማሹን ገጽ አይከፍትም፤ ነገር ግን አዲሶቹ የነፈጉትን አንድ ነገር ይፈቅዳል፤ ጽሑፉ በምን ዓይነት ኮድ እንደተጻፈ በእጅ መርጦ መንገር ይቻላል። ዝርዝሩን ከፍታ ዩኒኮድ የሚለውን ነካችው። ጅራታሙ ሁሉ በአንዴ ጠፍቶ የአገር ፊደል ቆመ።

የኔታ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አሳርፈው ቃል በቃል አነበቡት።

«በኅዳር ጽዮን የዘረፍኩት መወድስ ከዚህ በታች ነው። የጻፍኩት የኔታ ስላልነበሩ ነው። ቅኔ ተጽፎ ሲያዩ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ይቆጡኝ።»

አባቱም ቢሆኑ አስተማሪው ነበሩና የኔታ ነበር የሚላቸው።

«ይቆጡኝ» አሉ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሺ፣ ቀጥዪ።»

ንጋት ገጹን ወደ ላይ ገፋችው። ጥያቄ ምልክት። የኮዱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሞከረችው፤ ከላይ ያለው ጽሑፍ ይታመሳል፣ ይስተካከላል፣ ተመልሶ ይታመሳል፤ ጥያቄ ምልክቱ ግን ፍንክች አይልም። በራሷም ስልክ አየችው። ያው ነው። ፊደሉ ከነጭራሹ እንደሌለ ጠረጠረች። ቀድሞም ስልካቸው ላይ ሣጥኑና ጥያቄ ምልክቱ ለየብቻ መሆናቸውን እያየች፣ አንድ በሽታ ነው ብላ ማለፏ ቆጫት።

«ኔትወርኩ ሄደ» አለች።

«አሁን እኮ ነበረ።»

«ሄደ የኔታ። ነገ ይምጡ።»

በማግሥቱም መጡ፤ አሁንም ኔትወርክ የለም አለቻቸው። አጠገባቸው ግን አንዱ ጎረምሳ በስልኩ ኳስ ጨዋታ እያየ ይጮኻል። የኔታ ጎረምሳውን አዩ፣ ንጋትን አዩ፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

እሳቸው እንደ ራቁ ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ዘንድ አዲስ አበባ ደወለች። ልጁ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው።

«እህቴ፣ ከላይ ያለውን እሱ የላከልኝን እኔ ነኝ ያስገባሁለት። ግጥሙን ግን ራሱ ያስገባው የእንግዶች አስተያየት መስጫው ላይ ነው። እሱን ስንሠራ ለእንግሊዝኛ ብቻ ነበር ያሰብነው፤ ያላወቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ነው የሚያስቀምጠው።»

«ዋናው ታዲያ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም።» አለና፣ «የኔሰውን ምነው፣ መልሰህ ጻፈው አትይውም?» አላት።

ንጋት ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ ባለቤታቸውን እማማ ይማርሽን አስከትለው መጡ። እማማ ይማርሽ ከል አላወለቁም። ከገበያ የሚወርደው ሰው በበሩ ይተራመሳል። ንጋት ሁለቱንም አስቀምጣ፣ የደንበኛ ወረቀት ከእጇ አስቀመጠች።

«ኔትወርክ ነበረ» አለች።

«እሱንስ አውቄያለሁ» አሉ የኔታ። «ያልሽኝን ሳይሆን፣ ለምን እንዳልሽኝ ነው ያላወቅሁት።»

ነገረቻቸው። የሚሸፋፈን ነገር ስላልነበረው አጭር ሆነባት። የኔሰው እንደ ጻፈው፣ ገና ሲያስገባው፣ ፊደሉ እንደጠፋ፤ ብራውዘር ቢቀየር፣ ስልክ ቢቀየር፣ አዋቂ ቢመጣ የሚመለስ እንዳልሆነ። «በአንድ ፊደል ፈንታ አንድ ምልክት ነው የተካው። መሥመሩ እሱ የጻፈው ነው። በቃልና በቃል መሐል ያለውም ክፍተት የሱው ነው። ፊደሉ ነው የሌለው፣ የኔታ።»

እማማ ይማርሽ ከሁለቱ ፊት የትኛውን እንደሚያምኑ ጨንቋቸው ዓይናቸውን ያመላልሳሉ። የኔታ ወደ ጥያቄ ምልክቱ ጎንበስ አሉ።

«ለአንድ ፊደል አንድ?»

«አዎ።»

«ሳይዘል?»

«ሳይዘል።»

ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳቡ። መቋሚያውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙት። መሥመሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ወረዱበት። «ስምንት ቤት። መወድስ ነው፤ ቢተው አልዋሸም።»

ከዚያ ጣታቸውን የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክት ላይ አኖሩና፣ ቃል በሌለው ድምፅ፣ በአፍንጫቸው፣ ዜማውን ጀመሩት። ጣታቸው ከምልክት ወደ ምልክት ይሄዳል፤ ክፍተት ሲያገኝ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ የቤቱ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ እንደ ወጉ ያረዝሙታል። ከውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል። ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ አንድ ሰው ገባ፣ አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ንጋት ፕሪንተሩን አጠፋችው።

ሦስተኛው ቤት ላይ ዜማው ሳያልቅ ምልክቱ አለቀና ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ከቤቱ ራስ ጀምረው ሄዱበት፣ እዚያው ቦታ ደግሞ ቆመ። ቅንድባቸው ተቋጠረ፤ ተማሪ ፊታቸው የቆመ ይመስል ነበር። አለፉትና እስከ ስምንተኛው ወረዱ። ሲጨርሱ እጃቸውን ከመስተዋቱ ላይ ወዲያው አላነሡም።

እማማ ይማርሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲያዩ የቆዩት የባላቸውን አፍ ነበር። የከሉን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ ጠጋ አሉ።

«ምን ይላል ልጄ?»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሦስተኛው ቤት ላይ ቸኩሏል» አሉ።