የቦዩ ጫፍ

ዝናሽ የነጭ ሽንኩርቷን ቅጠል ብታሸው እንደ ገለባ ተፈረካከሰ። ሁለት የመስኖ ተራ ሙሉ ውሃ አላየም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታበላበት ይህ አንድ ማሳ ብቻ ነው። የውሃ አባቱ በላቸው ጋ በሞባይል ብትደውል ዘጋባት።

ንዴቷ እየነዳ ሽቅብ ወሰዳት። የቦዩ ውሃ ከሚከፈልበት መገደቢያ ስትደርስ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ቀኑ የእሷ ሆኖ ሳለ ውሃው የበላቸው ወንድም ድንች ላይ ይንፎለፎላል! ተራ የሚያካፍለው፣ ሲጣሉ የሚዳኘው በላቸው ነው። አባቱም የውሃ አባት ነበር፣ አያቱም። አገሬው ሹመቱን እንደ ርስት ትቶላቸው ዝም ብሎ ኖረ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ዳኛው ራሱ ሲሰርቅስ ለማን ይነገራል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲሰበሰብ ነገሩን ዘረገፈችው። ወንዴ የሚባል ጎልማሳ፣ የውሃ አባት የሚሉት ነገር ይቅርና ሁሉም ለራሱ ይክፈት አለ። ሽማግሌው አያ ሰውአገኝ ተቆጡ። ጥንት እንዲያ ሲሆን ሰው በዶማ ተፈላልጦ ባንድ ቀን ሁለት ሬሳ ተቀብሯል፤ አባት የተሾመው ያኔ ነው አሉ።

«አባትስ ይኑር» አለች ዝናሽ። «ግን ማሳው ከቦዩ ጫፍ የሆነ ሰው ይሁን፤ እኛ ሳንጠጣ እሱ አይጠጣ። ካጠፋም በዓመቱ ይሻር።»

ከቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ የራሷ የዝናሽ ነው። ሴት የውሃ አባት ብሎ በላቸው ሳቀ። አያ ሰውአገኝ ግን ደንቡ ሸጋ ነው ብለው እጅ አስወጡ፤ እሷው ተሾመች።

ያለፋት ተራ ተሰጥቷት ውሃው ማሳዋ ሲደርስ ነጭ ሽንኩርቱ አልቆለት ነበር። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ በላቸውን እስኪበቃት ረገመች።

ሐሙስ የበላቸው ተራ ሆነ። የእሱም ድንች ጠውልጓል። ጎረቤቶቿ አስቀሪበት እያሉ ጎተጎቷት፤ እውነቱን ለመናገር ልቧም ያንኑ ይል ነበር። በላቸው ዶማውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከመገደቢያው ጠበቃት። መጣች። ጥርሷን ነክሳ ቦዩን የደፈነውን የጭቃ ጓል አነሣችና ውሃውን ለቀቀችለት።

እግዜር ይስጥሽ ሊል ሲጀምር አላስጨረሰችውም።

«አያ በላቸው፣ ለአንቱ ብዬ አይደለም፤ ተራዎ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ እዘጋዋለሁ።»