ሁለት በር ያላት አውሮፕላን

ጥርስ ሠሪው ታላቅ ወንድምና የአውቶቡስ ሹፌሩ ታናሽ ወንድም በእህታቸው ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ከአልሙኒየምና ከሸራ የተሠራች፣ ስታዩዋት የምታሳሳ ነገር ናት። አንድ ጉድ ብቻ አለባት፤ ሁለት በር አላት። ንድፉ አንድ በር ይበቃል፣ በፈለጋችሁት በኩል አድርጉት ይላል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ታላቁ በቀኝ ይሁን አለ፣ ታናሹ በግራ ይሁን አለ፣ ውሃ ቀጠነ ብለው ሆድና ጀርባ ሆኑ። በነጋታው ታላቁ በቀኝ በኩል በሩን መቅደድ ሲጀምር፣ ከወዲያ ማዶም የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኗ እንደ ውርስ ቤት ለሁለት ተከፈለች። የቀኙ ክንፍ የታላቁ፣ የግራው የታናሹ ሆነ። አይነጋገሩም። ፒንሳ የፈለገ ለእህትየው ይነግራል፤ እሷም ከስፌቷ ተነስታ መጥታ፣ አጠገቡ ቆሞ ሁሉን የሰማውን ወንድሟን «ፒንሳውን አቀብለኝ ይልሃል» ትለዋለች። ይህን ሁሉ ዘመን መኪናዋ ደጅ ላይ ዝናብ ሲወርድባት ኖራለች። «ብትበሩም ባትበሩም ግድ የለኝም፤ ብቻ ከጋራዤ ውጡልኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ሥራው አለቀ ተባለና ተቆጣጣሪው መሐንዲስ መጣ። መሪውን ወደ ቀኝ ቢገፋው፣ በሁለቱ ክንፎች ጠርዝ ላይ ያሉት ታጣፊዎች እኩል ብድግ አሉ። ወደ ግራ ቢገፋው እኩል ዝቅ አሉ። አውሮፕላን የሚዞረው አንደኛው ሲነሳ ሌላኛው ሲወርድ ነው። መሐንዲሱ ሁለቱን ወንድማማቾች አየ፣ ሁለቱን በሮች አየ፣ ብዙም አልጠየቀም። «ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እነዚህን አስማሟቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይውረድ። ከዚያ ብረሩ» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ሌላ ሥራ ነበረበት፣ ወይም እነዚህን ሰዎች ዳግም ማየት አልፈለገም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከመሪው የሚነሱት ኬብሎች በወንበሩ ሥር አልፈው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደየክንፉ ይገባሉ። ታላቁ የራሱን ሁለቱን አጠላልፎ አሳለፋቸው፤ ታናሹ ሳያጠላልፍ ቀጥ አድርጎ ወሰዳቸው። ቢነጋገሩ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አሁን ግን ከሁለቱ አንዱ የራሱን መፍታት አለበት። ማን ይፍታ?

«ንድፉን ይመልከት በይው» አለ ታላቁ።

«ንድፉ አንድ በር ነው የሚለው። መጀመሪያ በሩን ይድፈን በይው» አለ ታናሹ።

እህትየው ሁለቱንም ትታ አጎታቸውን ጠራች። አጎት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ችሎቱን ቢተዉትም መፍረዱን አልተዉም። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጠው ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው ኬብሎቹን ለማየት ግን ፈቃደኛ አልሆኑም።

«ማን ልክ ነው ብዬ አልጠይቅም» አሉ። «እሱን የጠየቅሁ ቀን ቤተሰብ ይፈርሳል። አንተ ታላቅ ነህ፤ ተው። ወጉ ይኸው ነው።»

ታላቁ የሱ መንገድ ልክ እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ግን ወንድሙ ናፍቆታል። በየቀኑ አጠገቡ ቆሞ የሚያስለውን ሰው መናፈቅ ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ናፍቆታል። «እሺ፣ ተውኩት» አለና በቀኙ በር ገብቶ የራሱን ኬብሎች ፈታ፣ ቀጥ አድርጎም መልሶ አሰራቸው። መሪው ሲገፋ አንደኛው ታጣፊ ተነሳ፣ ሌላኛው ወረደ። ተጨበጨበ። ታናሹ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ «ወንድም ጋሼ» አለው። አጎት ፍርዳቸው ያማረላቸው ሰው ሆነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኗን ወደ ሜዳው ወሰዷት። የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ታላቁ ነው፤ ለብቻው ሊነሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዘመድ አዝማዱ ዳር ዳሩን ቆሟል። መሪውን ለመሞከር ያህል ወደ ቀኝ ገፋው። የቀኙ ታጣፊ መነሳት ሲገባው ወረደ።

ሁለቱ ክንፎች ተስማምተዋል፤ የተስማሙት ግን በስሕተቱ ነው። ቀኝ ሲላት ግራ ትዞራለች፣ ከፍ ብላ ሳትጨርስም ትከሰከሳለች። ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ። ከተናገረ ጥፋቱ የወንድሙ ሊሆን ነው፤ የትናንቱ «ወንድም ጋሼ» ቀርቶ የፒንሳው ዘመን ሊመለስ ነው። አፉን ገጠመ። ከዚያ አንድ የተማረ ሰው ሊያስበው የማይገባውን ነገር አሰበ፦ ተቃራኒውን እያሰብኩ ብበርስ?

«ቀኝ ማለት ግራ ነው፤ ግራ ማለት ቀኝ ነው» እያለ ማጉረምረም ጀመረ።

ታናሹ በግራው በር አንገቱን አስገባ። «ምን እያልክ ነው?»

«ጸሎት ነው።»

ሹፌር ነውና እንዲህ ያለ ጸሎት አላሳመነውም። እጁን ዘርግቶ መሪውን ወደ ቀኝ ገፋ፣ ቀና ብሎም የቀኙን ክንፍ አየ። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያንተ ነበር ልኩ» አለ።

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈታኸው?»

«ታላቅ ነህ ተው ተባልኩ።»

«አሁንስ? አይተህ ዝም ልትል ነበር?»

«ቀስ ብዬ ልበር ነበር።»

ታናሹ እንባው መጣ። «አንተ ደደብ ነህ፣ ወንድም ጋሼ» አለው። ታላቁ በዕድሜው እንዲህ ደስ ያለው ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

ሁለቱም ቁልፍ አነሱ። አንዱ በቀኙ በር፣ ሌላው በግራው በር ገብተው ወንበሩ ሥር ተኙ፤ ሁለት በር ያን ቀን ነው ጥቅሙ የታየው። ግንባራቸው እየተጋጨ፣ «ያዝልኝ»፣ «ላላ አድርገው»፣ «እሱን ሳይሆን ያኛውን» እየተባባሉ የሁለቱንም ወገን ኬብሎች አጠላለፉ። አራት እግር በሁለት በር ተንጠልጥሎ ሲወራጭ ያዩት አጎት፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«የትናንቱን እያፈረስን ነው» አለ ታላቁ ከወንበሩ ሥር።

«የኔን ፍርድ?» አሉ አጎት። ሰዎቹ ግን ወሬ ይዘዋል።

አውሮፕላኗ ሜዳውን ስትሮጥ ሄዳ ብድግ አለች። ታላቁ መሪውን ወደ ቀኝ ገፋ፤ ወደ ቀኝ ዞረች። ታች ታናሹ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እህትየው የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ጋራዧ ገሰገሰች።

አጎት ብቻ ቀና ብለው አላዩም። ለሰላም የሚሆን ልብ ከዚህ ቤተሰብ እንደጠፋ፣ አጠገባቸው ለቆመው ሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር።

«ታላቅ ሆኖ መተው አቃተው» አሉ።