የሚታለፈው ገጽ

ሁለቱን ገጾች ደርባ ገለበጠቻቸው። አራት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ አውራ ጣቷ ሰባተኛውን ገጽ ከስድስተኛው ሥር ሸጉጦ ያልፈዋል፤ ማንም ልብ አይልም።

"እንግዲህ እናቶች፣ የክትባት ቀን አታሳልፉ" አለች የጤና አስተማሪዋ፤ ባለሥዕሉን ትልቅ ጥራዝ ወደ አግዳሚዎቹ እንዳዞረች። በጤና ጣቢያው አዳራሽ ዐሥራ ሁለት እናቶች ከነሕፃኖቻቸው ያዳምጧታል።

ሰባተኛው ገጽ ላይ አልጋ ጫፍ ተቀምጠው ጀርባ የተሰጣጡ ባልና ሚስት ተሥለዋል። ነገሩ ከወሊድ በኋላ ስላለው ግንኙነት ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዴ ገልጣው፣ አንዷ እናት "ይሄንንስ ባሌ ያስተምረኛል" ብላ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አስተማሪዋ ያኔ ያላገባች ልጅ ነበረች፤ ላብ አጠመቃት። ከዚያ ወዲህ ገጹ ፀሐይ አላየም።

አሁን ራሷ ከወለደች አራት ወሯ ነው። የወሊዱ ስፌት ድኗል ተብሏል፤ የዳነው ግን ለዓይን ነው። ባሏ ሲቀርባት ሦስት ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ቻለች፤ በአራተኛው ገፋችው። ለምን እንደሆነ ትንፍሽ አላለችም። እናቷን ብትጠይቅ "ሴት አይደለሽ? ትለምጂዋለሽ" ተባለች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሸሚዝ ፌስታል ውስጥ ሲከት ደረሰችበት።

"ወንድሜ ጋ ልሰንብት" አለ፣ ፊቷን ሳያይ። "ከጠላሽኝ ንገሪኝ፤ እንደ እባብ አትሽሺኝ።"

"አልጠላሁህም" ብላ ጀመረች። ለዐሥራ ሁለት ሴት ሲለፈልፍ የሚውል አፍ ለአንድ ወንድ ተዘጋ። በሩም ተዘጋ።

ትምህርቱ አልቆ ጥራዙን ስታጥፍ አንዲት ለጋ እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች ተጠጋቻት።

"እህቴ፣ የዘለልሽው ገጽ አለ። ከጎን ሆኜ አይቼዋለሁ።"

"እሱ ብዙም አያስፈልግም።"

"እኔን ያስፈልገኛል።" ልጅቷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። "ስፌቱ ከዳነ በኋላም ያማል እንዴ? እኔ ልክ እንደ ቢላዋ ነው የሚሆንብኝ። ለማን ይነገራል?"

"ትለምጂዋለሽ" አለች አስተማሪዋ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የእናቷን ድምፅ ሰማች። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ይባስ ብላ አመሰገነቻትና ወደ በሩ አመራች። ዳቦ ለምኖ ድንጋይ እንደተሰጠው ሰው ትከሻዋ ወርዷል።

"ነይ እስቲ ተመለሽ። ዋሽቼሽ ነው።"

ሰባተኛውን ገለጠች። የሌሎቹ ገጾች ጠርዝ በእጅ ብዛት ሲጠቁር ይህ እንዳዲስ ነው። ጮክ ብላ አነበበች፤ ቀርተው የነበሩትም ሴቶች ዞር አሉ። ህመም ሲኖር ጥርስ ነክሶ መቻል እንደማይገባ፣ የምታጠባ ሴት ብልቷ ሊደርቅ እንደሚችል፣ ጠባሳው በአዋላጅ መታየት እንዳለበት፣ መፍትሔ እንዳለው፣ ባልም ሊነገረው እንደሚገባ። ሁሉም እዚያው ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ አውራ ጣቷ ሥር። የሳቀ የለም። አንዷ እንዲያውም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

"አንቺንም ያምሻል?" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

"ባሌ ዛሬ ሸሚዙን ይዞ ወጣ። አልነገርኩትማ።"

ይመለስ አይመለስ አታውቅም። ጥራዙን ሳታጥፈው፣ ሰባተኛው ገጽ እንደተገለጠ ትታው፣ ልጅቷን አስከትላ በር ላይ የወረፋ ቁጥር ወደሚያድሉት ዘበኛ ሄደች።

"አባባ፣ ለአዋላጇ ሁለት ቁጥር ይስጡኝ።"

"አንዱስ ለዚች ልጅ ነው። ሌላው ለማን?"

"ለኔ።"

ዘበኛው ሳቁ። "አንቺማ የቤት ልጅ! ዝም ብለሽ ግቢ እንጂ ወረፋ ምን ያደርግልሻል?"

"በሠራተኛ በርማ ስገባ ስወጣ ከርሜያለሁ፣ አባባ። አዋላጇን ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።"

ሠላሳ አንድ ቁጥር ደረሳት። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ክንዷ ላይ አጠፈችና፣ ከልጅቷ ጎን፣ አግዳሚው መጨረሻ ላይ ተቀመጠች።