የፊተኛዋ ሹሩባ

"መጀመሪያ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ የእናቱ ወንድም ነኝ" አለ ፋላኒ፣ መቀሱን ከትሪው ላይ ብድግ አድርጎ።

"የአባቱ ወንድም ቆሞ?" ቶጊያ የመቀሱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ።

ሞካ በመሀላቸው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጇን ፓኪን አየችና ተነፈሰች። ከተወለደ ጀምሮ መቀስ ያልነካው ፀጉሩ ዛሬ በወጉ ሊቆረጥ ነው። ለየዘመዱ አንዳንድ ሹሩባ ጎንጉና በሪባን አስራለች። አሳማዎቹ ሊበስሉ ከጋለው ድንጋይ ጋር ጉድጓድ ገብተዋል፤ ከባሕር ማዶ ከኦክላንድ የመጡት እንግዶች ዳስ ስር ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ሁለቱ አጎቶች ግን የመንደሩን አንድ የምክር ቤት ወንበር ይፎካከራሉ፤ የደሴቲቱ የኒዌ ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ቀድሞ የቆረጠ ቤተሰቡ የመረጠው ይመስላል። ስለዚህ ትናንት ተራ በተራ ወጥ ቤቷ ድረስ መጥተው "እሱ ከቀደመኝ ቤተሰቤን ይዤ እሄዳለሁ" ብለዋታል።

ምርጫ የሚባል ነገር አንገሽግሿታል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እንኳ ለሁለት ተከፍለው ለየብቻ ይለማመዳሉ። ባሏን "እባክህ አንድ ነገር በላቸው" ብትለው "አሳማው እንዳያርርብኝ" ብሎ ከጉድጓዱ ዳር አልነሳ አለ።

"እህቴ፣ አንቺው ፍረጂ" አለ ፋላኒ። "ዋና ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም?"

"ዋና? አንተ ዓሣ ስታጠምድ ማዕበሉ ሲወስደው ማን ነው ያወጣው?" አለ ቶጊያ።

"ፀጉሩ እኮ የኔ ነው" አለ ፓኪ። ሰሚ አላገኘም።

የቤተሰቡ ትልቅ የሆኑት እትዬ ሲና ከዳሱ ስር "ልጁን ልትቆርጡት ነው ወይስ ልትካፈሉት?" አሉ። እንግዶቹ ሳቁ። ሞካ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ባለፈው ምርጫ ፋላኒ ተሸንፎ ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም ነበር። ሠላሳ ቤት ባለበት መንደር ወንድሟ በየቀኑ በበሯ አልፎ ሰላም ሳይላት ይሄድ ነበር። ያንን ዓመት ዳግመኛ አትችለውም።

መቀሱን ከሁለቱም ነጠቀቻቸው። ግንባሩ ላይ የወረደችውን ሹሩባ ለይታ ወደ ኋላ አሰረቻት።

"ይቺን ዛሬ ማንም አይነካትም። ሌላውን ዘመድ ይቁረጥ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ብሉ። ቅዳሜ የተሸነፈው ሰው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ መጥቶ ይቆርጣታል።"

"የተሸነፈው?" አለ ቶጊያ።

"የተሸነፈው። ያሸነፈውማ ወንበር አገኘ፤ ምን ቀረበት?"

ሁለቱ ተያዩ። ከዳሱ ስር ሄደው ተቀመጡ።

"እማዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሹሩባ ትምህርት ቤት ልሄድ ነው?" አለ ፓኪ።

"ትሄዳለህ። መምህርቷ ከጠየቀችህ፣ እናቴ ወንድም ማጣት ሰልችቷታል በላት።"

መቀሱን ለእትዬ ሲና አቀበለቻቸው።