በማርያም ቀን የገቡት ሱባኤ

ትበርህ ልመናዋን ስታወጣ ስታወርድ ነው የከረመችው፣ ካዛንቺስ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቀበሌ ቤቷ ተኝታ። ባሏን ኤድስ ገድሎታል፤ እሷም ያው ናት፣ ሐኪሙ ነግሯታል። ዘመኑ 1992 ነው፤ ለእንደሷ ዓይነቱ ሰው መድኃኒት የሚባል ነገር ገና አልደረሰም። ለራሷ አልነበረም ጭንቀቷ። የስድስት ዓመቷ ሩቲ ማን ላይ ትወድቃለች? እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

የሥጋ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፣ እነሱም ጦርነት ባለበት አገር። ቅርቧ ማኅበርተኞቿ ነበሩ። በየወሩ በሃያ አንድ ቤት ለቤት እየዞሩ የማርያምን ጽዋ ይጠጣሉ፣ ሁሉም ከአንዱ ጽዋ። ማኅበሩን ሲመሠርቱ «አንዳችን ብንሞት ልጁ የሁላችን ልጅ ነው» ተባብለዋል። ከሁሉም ደግሞ ጀማነሽ አለች፤ የሩቲ የክርስትና እናት፣ ኪዳን የማታስታጉል፣ ጾም የማትገድፍ፣ ቤቷ ሰፊ፣ ልጅ ያልወለደች። ታዲያ ከሷ የተሻለ ማን ይገኛል?

የጥር ማርያም የትበርህ ተራ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያቸው ጋሽ ገብረሃና «ደክሞሻል፣ ተራሽን እንለፈው» ብለው ቢልኩባትም አሻፈረኝ አለች። እየተንገዳገደች ጠላዋን ጠመቀች፣ ድፎዋን ደፋች። ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ፣ ሁሉም ባለበት፣ «ልጄን አደራ» ልትል ነው።

መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንድም የቀረ የለም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ይጠብቁኛል ብለው ወጡ። ትበርህ ጽዋውን ሞልታ ለጋሽ ገብረሃና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ልጄ፣ ሱባኤ ላይ ነኝ» አሏት፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ወደ መነን ዞረች። መነንም ሱባኤ ላይ ናት። አጽብሃም እንደዚሁ። ወይ ጉድ! በአስተርእዮ ማርያም፣ ያውም በእሁድ፣ ቤት ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ሱባኤ ይገባል? ባለፈው ወር በጾሙ እንኳ ጭልጥ አድርገው የጠጡ ሰዎች ናቸው እኮ! ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በሽታሽን ፈራን ቢሏትም ትረዳቸው ነበር፣ እሷም ትፈራዋለችና። ማርያምን ከፊት አቁመው ከኋላዋ መደበቃቸው ግን ቆሽቷን አሳረረው።

ጀማነሽ ጋ ስትደርስ ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ጀማነሽዬ፣ ባትጠጪውም ግድ የለም። ሩቲን ግን ውሰጂልኝ። እኔ የምሰነብት አይመስለኝም።»

ጀማነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የምሯን ነው ያለቀሰችው፣ ማስመሰል አልነበረም፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

«እህቴ፣ በጸሎት አልለያትም» አለች። «በየቅዳሴው ስሟን አስጠራላታለሁ።»

«የለመንኩሽ እኮ ስሟን እንድታስጠሪ አይደለም። እሷን እንድትወስጂ ነው።»

ጋሽ ገብረሃና «በሉ፣ አባታችን ሆይ» ብለው ተነሱ። ሁሉም ተነስተው ደገሙ፤ ከዚያ «እመቤታችን ትማርሽ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ትበርህ አሜን ማለት አቃታት። ያን ማታ ከልጅነቷ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጸልይ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ሩቲን አጥባ፣ ጸጉሯን ሠርታ፣ ለገሃር አካባቢ ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ በታክሲ ወሰደቻት። የተቀበለቻቸው ሠራተኛ ደግ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። የልጅቷን ስም ጠየቀች፣ ዕድሜዋን ጠየቀች።

«ሃይማኖቷስ?» አለች ቀጥላ።

ትበርህ የሩቲን ማተብ ወደ ልብሷ ውስጥ ከተተችው።

«የላትም» አለች።