ሦስት መቶኛ

መምህር ሰማው ጥፋቱን ያወቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሪያድ ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ገና ሻይ ሳይጠጣ ነው።

ብረት እየቀረጸ በሚሠራበት የቶርኖ ቤት ኃላፊው፣ የመናዊው ረድዋን፣ አዲስ ማመሳከሪያ ዘንግ ገዝቶ አመጣ። ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ብረት ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሉት መለኪያ እውነት መናገሩ የሚጣራው በእሱ ነው። ሰማው ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን የራሱን ማይክሮሜትር አወጣና ለወጉ ያህል ሞከረው። ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር አሳነሰ። በጨርቅ ጠርጎ ደገመው፤ አሁንም አሳነሰ። በሦስተኛው ላይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር የፀጉር እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ሰማው ግን በሦስት መቶኛ የጣለው ተማሪ ነበረው።

ወሎ ውስጥ በአንድ ማሰልጠኛ ሃያ ዓመት ቶርኖ አስተምሯል። አስቸጋሪ መምህር ነበር። ያረፈደ በር ላይ ቆሞ ይውላል፤ እጅጌውን ያልቆለፈ ማሽን አይነካም። የሰማው ዓይን ከሚዛን ይበልጣል ይባል ነበር፤ ሰውዬውን ያጠፋውም ይኸው ወሬ ነው። የተቋሙ ማመሳከሪያ ዘንግ ሲጠፋ አንዴ ለቢሮ አመለከተ፣ በጀት የለም አሉት፣ በዚያው ተወው። የማይክሮሜትሩ አፍ እየተበላ እንደሆነ አልጠረጠረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጠርጠር አልፈለገም። በዚያው ዓመት ሰማው የሠራቸውን ዘንጎች አንድ ፋብሪካ ወፍረዋል ብሎ ሲመልስበት እንኳ የተጣላው ከፋብሪካው ጋር ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ሠላሳ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ መቅረጽ ነበር። ሁለት መቶኛ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይታለፋል፤ ሦስት ከሆነ ግን የለም። ከዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ዐሥራ አንዱ አለፉ። እንዳያንስባቸው ፈርተው ወፈር አድርገው የተዉት ናቸው። ኢስማኤል ብቻ ወደቀ፤ ከሁሉም ጎበዙ፣ አንድ ፋብሪካ ቦታ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ። በመጋዘኑ መለኪያ ሠላሳ ነው የሚለኝ ብሎ ተከራክሮ ነበር።

«መለኪያ አይዋሽም» አለው ሰማው በተማሪው ሁሉ ፊት። «የሚዋሸው እጅህ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዋሸው መለኪያው ነበር። ልጁ የቀረጸው ልክ ሠላሳ ነበር።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ኢስማኤል እዚሁ ሪያድ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ሌላ ሰው ሲቀጥር በጉልበት ሠራተኛነት ውል ፈርሞ መጣ፤ አስፋልትና ኮንክሪት በሚፈነቅል መዶሻ ማሽን ላይ ስምንት ዓመት ቆመ። ዑረይጃ ሰፈር ከአራት ሰው ጋር ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። ማሰልጠኛው በጦርነቱ ተዘርፎ ሰማውም እንጀራ ፍለጋ ሲመጣ፣ አፈላልጎ ያገኘውና ትከሻውን የሳመው እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ ብርቱካን ይዞ ይጠይቀዋል። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንድ ቀን ሰማው ወደ ሙያህ ለምን አትመለስም ቢለው ሳቀ፤ እጄ ለልክ አልተፈጠረም፣ እርስዎው ነግረውኛል አለው።

አሁን ደግሞ የኢስማኤል ኩባንያ ሊዘጋ ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚያዛውርለት «ከፊል» የሚሉት አዲስ ዋስ አሠሪ ካላገኘ ወደ አገሩ ይመለሳል። እዚያ ሚስቱ ዘቢባና ገና ያላያት ልጁ እሱ በሚልከው ነው የሚኖሩት። ረድዋን ደግሞ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ዘንግ በልኩ ቀርጾ ላሳየ ሰው የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ኢቃማውን ያዛውርለታል።

ሰማው መጀመሪያ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር። ሳይናገር ልጁን አሠልጥኖ ቢያስገባው ማን ያውቃል? ነገር ግን ኢስማኤል እጁ ውሸታም መሆኑን አምኖ ተቀምጧል፤ ሳይነግረው ማሽኑ አጠገብ አይደርስለትም። ዓርብ ዕለት ብርቱካኑን ከእጁ ተቀብሎ አስቀመጠና ሁሉንም ነገረው። ስለ ዘንጉ መጥፋት፣ ስለ ዝምታው፣ ፋብሪካው ስለ መለሰበት ዘንጎች፣ ምንም አላስቀረም።

ኢስማኤል ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነው የቻልኩት» አለ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ኸላስ፣ በቃ፣ የሆነው ሆኗል። መቼ ልጀምር?»

ሰማው ይቅርታ እንኳ ለማለት ፋታ አላገኘም። ቢያገኝስ ምን ብሎ ይጀምረዋል?

ለሦስት ሳምንት ኢስማኤል ከሥራው እንደወጣ በዐሥር ሰዓት እየመጣ ሠለጠነ። ሙያው አልጠፋም ነበር። መቁረጫውን ሞርዶ ሲያስተካክል፣ ብረቱ ሲጮህ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ሰማው አፉን ከፍቶ ያየው ነበር። የሥራ ልብስ ተበድሮ እጅጌውን እስከ አንጓው ቆለፈ። ረድዋን ሳይቀር ይኼን የት ደብቀኸው ነው ብሎ ቀለደ። ሰማው በእነዚያ ቀናት እንቅልፉ ተመለሰለት።

ልኩ ብቻ እምቢ አለ። አንዱ ዘንግ ሲወፍር ሌላው ይቀጥናል። ሰማው የልምምድ ነገር ነው እያለ ራሱን አጽናና፤ ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ግን ከማሽኑ የተፈናጠረ የጋለ የብረት ፍቅፋቂ በኢስማኤል ጣት ላይ ሲያርፍ አየ። ብረቱ ቆዳውን ሲያቃጥል ይሸታል። ኢስማኤል እጁን አላነሳም፤ መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰውን መንኮራኩር ማዞሩን ቀጠለ።

ሰማው ማሽኑን አጠፋ። ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ጠየቀው። ሦስት ዓመት ይሆነዋል አለ ኢስማኤል፤ መዶሻው ነው፣ ጣቶቼ ከጫፋቸው ጀምሮ ደንዝዘዋል፣ ሲበርድ ነጭ ይሆናሉ። ያሳየሁት ሐኪም ስሜቱ አይመለስም ብሎኛል፣ ለረድዋን አይንገሩብኝ አለ። መንኮራኩሩን በስሱ ለማዞር ጣት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሥራ የተፈጠረው ጣት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሰማው መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ።

የፈተናው ቀን ረድዋን ለጉዳይ ወደ ዑለያ ሰፈር ሄደ። አንተ ከለካኸው ለእኔ በቂ ነው ብሎ ለሰማው ተወለት። ኢስማኤል ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ሠራ። ሲጨርስ ዘንጉን ጠርጎ በሁለት እጁ ለሰማው ሰጠው።

ስምንት መቶኛ አንሷል። ወፍሮ ቢሆን ይቀነስ ነበር፤ የተቆረጠ ብረት ግን አይመለስም። ሰማው ቦታውን እየቀያየረ አምስት ጊዜ ለካው። ልክ ነው ቢለው ልጁ ዛሬ በደስታ ይሄዳል፤ ሰኞ ዘንጉ ከተሠራለት የደንበኛ ፓምፕ ጋር አልገጥም ሲል በሰው ፊት ይባረራል። በሰው ፊት አንዴ አዋርዶታል።

«ጋሼ» አለ ኢስማኤል ፊቱን አይቶ። «የአሁኑ መለኪያስ ልክ ነው?»

ሰማው ማይክሮሜትሩን አየው። የቶርኖ ቤቱ አዲስ ዕቃ ነው፤ ጠዋት በማመሳከሪያው ዘንግ ሦስት ጊዜ አጣርቶታል።

«ልክ ነው፣ ልጄ» አለ።

ኢስማኤል መውደቁ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ብሩሹን አነሳና ፍቅፋቂውን ከማሽኑ ላይ መጥረግ ጀመረ። ሰማው «ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ብሎ ብሩሹን ሊቀበለው ቢሞክር አልሰጥም አለው። «ማሽኑን እንደቆሸሸ ጥሎ የሚወጣ ተማሪ አላስተማሩም» አለና፣ ዘይት በነካው ጨርቅ እያንዳንዱን ቦታ ቀስ እያለ አበሰው።